የወለተሰንበት ፍሪጅ

እኔ ኡሙልኸይር ስናደድ ጆሮዬ ይደፈናል። ይህን የሰፈራችን የጠመንጃ ያዥ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያን ሰዓት ሰው የሚለኝን አልሰማም፤ የምሰማው የራሴን ድምፅ ብቻ ነው፣ እሱም ደግሞ ደስ ይለኛል። ስለዚህ ልደታ ፍርድ ቤት በሐራጁ ቀን ያደረግኩትን ስነግራችሁ "ኡሙ አጋነነችው" የሚል ካለ ከአሁኑ ተነስቶ ይሂድ። ቅመም ነጋዴ ነኝ። በርበሬዬ ላይ ባዕድ ነገር አልጨምርም፤ ወሬዬም ላይ እንደዚያው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። የዚህ ነገር ሥሩ ፍሪጅ ነው።

ግቢያችን አምስት ቤት ነው፤ የቀበሌ ቤቶች፣ ግድግዳቸው የተያያዘ። ቧንቧ አንድ፣ ፍሪጅም አንድ። ፍሪጁ የወለተሰንበት ነው። ወለተሰንበት የግድግዳ ጎረቤቴ ናት፤ እሷ ስታስነጥስ እኔ ከወዲህ ሆኜ "ይማርሽ" እላለሁ። ፍሪጁን ባሏ ነው በሕይወት ሳለ የገዛላት። ነጭ ነበር፣ አሁን የወተት ሻይ መልክ ይዟል። ሞተሩ ሲነሳ የእኔ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ይንቀጠቀጣል፤ በሩ ደግሞ በጉልበት ካልተገፋ አይዘጋም። ግን ያቀዘቅዛል ወላሂ፣ ጥርስ እስኪጠዘጥዝ ድረስ። ጡረተኛው ጋሽ ወልደአማኑኤል የዓይን ጠብታቸውን እዚያ ያስቀምጣሉ። ግቢው በር ላይ ፀጉር ቤት የከፈተችው ኤፊ ቅባቶቿን ትደረድራለች። ስልክ ጠጋኙ ሱፍያን ለስላሳውን ይደብቃል፣ ሌላው ያገኝና ይጠጣበታል።

ለሥጋ ደግሞ ሕግ አለን። የላይኛው መደርደሪያ የእኛ የሙስሊሞቹ ነው፣ የታችኛው የክርስቲያኖቹ። ማንም እንዳይሳሳት የእኛው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ አንጥፌበት ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን አንዲት ቁራጭ ሥጋ ድንበር ተሻግራ አታውቅም። በረመዳን ወለተሰንበት አዛን ሊል ሲል ቀዝቃዛ ውሃዬን ከፍሪጁ አውጥታ በመስኮት ታቀብለኛለች። "እንኪ፣ ምላስሽ ሳይደርቅ፤ እሱ ከደረቀ በምን ልትኖሪ ነው?" ትለኛለች። እንዲህ ነበርን።

ከዚያ የእህቷ ልጅ ደጉ መጣ። ደጉ አፉ ማር ነው። መርካቶ ውስጥ በሱፍቃድ ከሚባል ነጋዴ የልጆች ልብስ በዱቤ ሊወስድ ፈለገ፣ ነጋዴው "ዋስ አምጣ" አለው፣ እሱም አክስቱን አመጣ። እኔ ነገርኳት። "ወለቴ፣ ይህ ልጅ አፉ ከእግሩ ይቀድማል፣ አትፈርሚ" አልኳት። "የእህቴ ልጅ እኮ ነው" አለችና ፈረመች። ደጉ ልብሱን ሸጠ፣ ገንዘቡን ምን እንዳደረገው አላህ ይወቅ፣ ስልኩን ዘጋ፣ በዚያው ጠፋ።

በሱፍቃድ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ በደል ነው። እሱም ዕቃውን በዱቤ ነው የሚያመጣው፣ እሱንም የሚጠይቁት አሉ። እየመጣ በሩ ላይ ጫማውን ይጠርግና "እማማ፣ ልጁ ድምፁን እንኳ ያሰማኝ" ይላታል። ምን ትበለው? ውሃ ትሰጠዋለች፣ ቀዝቃዛ፣ ከዚያው ፍሪጅ። ሲታክተው ልደታ ሄዶ ከሰሰ። ደጉ ስለማይገኝ መጥሪያው ለዋሷ መጣ።

መጥሪያው የመጣ ቀን ቧንቧው ዘንድ ባልዲ ይዘን ተሰልፈናል። እኔም "አላልኩሽም?" አልኳት። ልክ ነበርኩ፤ አሁንም ልክ ነኝ። ወለተሰንበት ወረቀቱን አጥፋ ጉያዋ ከተተችና "ኡሙ፣ አንቺ ለማንም ፈርመሽ አታውቂም። ለዚህ ነው ማንም ያልከዳሽ" አለችኝ።

ጆሮዬ ተደፈነ። ቀጥ ብዬ ቤቷ ገባሁ፣ ፍሪጁን ከፈትኩ፣ ሥጋዬን በላስቲኩ አንጠልጥዬ በሰው ሁሉ ፊት ወጣሁ። የት እንደማስቀምጠው አላሰብኩም። ፍሪጅ የለኝማ። ያን ሁሉ ሥጋ በአንድ ቀን ጠበስኩትና ሱፍያንና ጓደኛው ቤካ ከወንበር መነሳት እስኪያቅታቸው በሉ። እኔ አንድ ጉርሻ አልወረደልኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወለተሰንበትና እኔ ሆድና ጀርባ ሆንን። ስታስነጥስ ዝም። እኔም በእልህ እቁብ ገባሁ፤ ዕጣው ሲደርሰኝ ሁለት በር ያለው አዲስ ፍሪጅ ገዝቼ፣ የምትሰማበት ግድግዳ ሥር ላቆመው።

ክርክር የሚባል ነገር አልነበረም። ጋሽ ወልደአማኑኤል አብረዋት ሄደው ነበርና እንደነገሩን፣ ዳኛዋ "ፊርማው የእርስዎ ነው?" አለቻት። "የእኔ ነው።" "የሚሉት ነገር አለ?" "ሰውዬው እውነቱን ነው" አለች፣ አለቀ። አርባ ሺህ ብር እንድትከፍል ተፈረደ። ከባሏ ጡረታ በቀር የላትም፤ ልትከፍል አልቻለችም። በሱፍቃድ ደግሞ የአፈጻጸም መዝገብ አስከፈተ። ይህ ማለት ፍርዱ ወረቀት ላይ እንዳይቀር ንብረቷ ተይዞ ይሸጥለታል ማለት ነው። አልጋዋንና ድስቷን ሕጉ አይነካም አሉ። ከዚያ ውጪ ቤቷ ውስጥ ምን አለ? ፍሪጁ።

"እናዋጣ" ያሉ ነበሩ። ወለተሰንበት የዕድራችን ገንዘብ ሰብሳቢ ናት፤ ለሰው ስታዋጣ የኖረች ሴት። ጋሽ ወልደአማኑኤል ቃሉን ከአፋቸው ሳያወጡ "ልደታን፣ ለእኔ መዋጮ የተሰበሰበ ቀን ከዚህ ሰፈር ወጣሁ" ብላ ማለች። ከዚያ በኋላ የመዋጮ ነገር ማን ያንሳ? ሁሉም አፉን ዘጋ።

ፍሪጁን ሊወስዱ የመጡ ቀን በሬን ገርበብ አድርጌ አየሁ። ከፍርድ ቤት የመጣችው ሠራተኛ ወጣት ናት፣ ትሁት ናት፣ ትዕዛዙን ስታነብ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። ፍሪጁን ደጃፏ ላይ አወጡት፤ ወለተሰንበት "ዕቃችሁን ውሰዱ" ብላ ግቢውን ጠራች። ኤፊ ቅባቷን፣ ጋሽ ጠብታቸውን፣ ሱፍያን ለስላሳውን ወሰዱ። የታችኛው መደርደሪያ ባዶ ሆነ። የላይኛውን ሲያዩት ቀድሞውኑ ባዶ ነው። ሥጋዬን ካወጣሁ ጀምሮ ግቢው ሁሉ በጥበት ሲጋፋ ከርሞ፣ እዚያ ላይ ማንም አንድ ሎሚ እንኳ አላስቀመጠም። አረንጓዴው ጨርቅ እንደተነጠፈ ነው።

"ይህኛው የማን ነው?" አለች ሠራተኛዋ።

"ሰው አለው" አለች ወለተሰንበት። ጨርቁን አነሳች፣ አራግፋ አጠፈችው፣ ይዛው ወደ ጓዳ ገባች።

ሠራተኛዋ ርክክቡ ላይ እንድትፈርም ወረቀት ስታቀርብላት፣ "እኔ ሁለተኛ ወረቀት ላይ አልፈርምም ልጄ፤ የመጀመሪያው ነው አንቺን ያመጣብኝ" አለቻት። ልጅቷም "ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆኑም" ብላ ጻፈችና ሄዱ። ያን ዕለት የግድግዳዬ ሰዓት አልተንቀጠቀጠም። በግድግዳው በኩል ደግሞ ወለተሰንበት ለወንድሟ ስትደውል ሰማሁ። "ፍሪጁ በሐራጅ ሲሸጥ ቆሜ አላይም። የግንቦት ልደታን ከሰዉ ጋር ልብላና ወሊሶ እመጣለሁ፣ በዚያው እቀራለሁ" አለችው።

ሐራጁ ለዚያው ለግንቦት አንድ ጠዋት ተቆርጧል። ወለተሰንበት ከሄደች የማንን ግድግዳ ነው የማኮርፈው? የእቁቡ ዕጣ በዚያው ሳምንት ወጣልኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ለሰው ሁሉ፣ በተለይ ለግድግዳው ጮክ ብዬ፣ "ነገ መርካቶ በርበሬ ልገዛ ነው" አልኩና ጠዋት ባዶ ማዳበሪያ ይዤ ወጣሁ። በርበሬው ሰበብ ነበር። ቀጥታ ልደታ።

ሐራጁ ክፍል ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ይሁን፣ ሥራው ነው። በሱፍቃድም ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ቀጥሎ ያየሁት ግን ጋሽ ወልደአማኑኤልን ነው። ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው። ለእኛ "የጡረታ ጉዳይ አለብኝ፣ ሜክሲኮ አደባባይ ነው የምሄደው" ብለው ነበር። ከኋላቸው ኤፊ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፤ እሷ ደግሞ "ሰንጋ ተራ ደንበኛ አለችኝ" ያለች። መጨረሻ ወንበር ላይ ቤካ። እሱን የላከው ሱፍያን መሆኑን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ በስልክ "ጀለሴ፣ ገብቻለሁ" እያለ ያንሾካሽካል።

ወላሂ ደሜ ፈላ። ለካ ሁሉም የወለተሰንበትን ፍሪጅ በርካሽ ሊያነሱ ነው የመጡት። ሃያ ዓመት ሻይዋን የጠጡት ሰውዬ። ስትታመም ወለተሰንበት ሌሊቱን አጠገቧ የተቀመጠችላት ልጅ። እነሱም እኔን አዩኝ፤ የሁሉም ፊት ተለወጠ። ማንም ለማንም ሰላም አላለም።

የሐራጁ ባለሙያ መዝገቡን ገልጦ "አንድ ፍሪጅ፣ ያገለገለ፣ መነሻው አሥራ አምስት ሺህ ብር" አለ። ነጋዴው እጁን አወጣ።

"አሥራ ስምንት" አሉ ጋሽ ወልደአማኑኤል በቀጭን ድምፅ፣ እንዳይታወቁ መሆኑ ነው።

"ሃያ" አለች ኤፊ ከነጠላዋ ውስጥ።

"ሃያ ሁለት" አለ ቤካ።

"ሃያ አምስት" አልኩ እኔ፤ የእኔ ድምፅ ቀጭን መሆን አያውቅም።

ነጋዴው ዞሮ አየን። "ይህ ፍሪጅ ውስጡ ወርቅ አለ እንዴ?" አለና ተነስቶ ወጣ። የቀረነው የአንድ ግቢ ሰዎች ብቻ ነን። ያን ጊዜ ማቆም ነበረብን፤ ግን እልህ ምላጭ ያስውጣል። ጋሽ ሠላሳ አሉ፣ እኔ ሠላሳ ሁለት። ኤፊ ሠላሳ አምስት። ቤካ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሠላሳ ስድስት፣ ከዚያ "ይቅርታ፣ ሠላሳ ሰባት" ብሎ በራሱ ላይ ጨመረ። ጋሽ አርባ ሲሉ ጥጉ ላይ ያለው በሱፍቃድ ቀና አለ፤ ዕዳው ሞላለታ። እኔ ጆሮዬ ከተደፈነ ቆይቷል። የማየው ጋሽ ወልደአማኑኤል ቤት ውስጥ የቆመውን ፍሪጅ ነው፣ የላይኛው መደርደሪያዬ ላይ ዓሣቸውን ሲያስቀምጡበት።

"አርባ አምስት" አልኩ።

"እናቴ፣ ዕቃውን አይተውታል?" አለኝ ባለሙያው ሐዘን ይዞት። "አሮጌ ነው እኮ። አዲስ በዚህ ላይ ትንሽ ቢጨምሩ ይገኛል።"

"ከአንተ የበለጠ አውቀዋለሁ። በሩ በጉልበት ነው የሚዘጋው" አልኩት። "አርባ አምስት ብያለሁ፣ ጻፍ።"

ኤፊ አርባ ስድስት ብላ ማልቀስ ጀመረች፤ ያላት እሱ ብቻ ነበር። ቤካ ሃምሳ ላይ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ "አለቀ ብሏል" ብሎ ለክፍሉ አሳወቀ። ጋሽና እኔ ቀረን። ሃምሳ አምስት። ሃምሳ ስምንት። ጋሽ ላብ በላብ ሆነው፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ እየተንሸራተተ "ስልሳ ሺህ" አሉ።

"ስልሳ አንድ።"

አንደኛ ተባለ። ሁለተኛ ተባለ። ጋሽ ኪሳቸውን ዳበሱ፣ ተዉት። ሦስተኛ ተባለና ባለሙያው ስሜን ጻፈ። በአዲስ ፍሪጅ ዋጋ የሃያ ዓመት ፍሪጅ ገዛሁ።

ገንዘቡን ባንክ ገቢ አድርጌ ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ሦስቱም ቆመዋል፤ ሱፍያንም ደረጃው ሥር ከተደበቀበት ወጥቶ ተቀላቅሏቸዋል። አፌን ልከፍት ስል ጋሽ ቀደሙኝ።

"አንቺ ሴት፣ እግዜርን አትፈሪም?" አሉኝ። መነጽሩን አውልቀዋል፣ ዓይናቸው ቀልቷል። "ብትጣዪያትስ፣ የሰው ሐዘን ላይ ቆመሽ ዕቃዋን ትቀሚያለሽ? እኔ እንኳን መልሼ ልሰጣት ነው ጥሪቴን ይዤ የመጣሁት።"

"እርስዎ?" አልኩ። "እኔ ነኝ እንጂ መልሼ ልሰጣት የመጣሁት! እናንተ አይደላችሁም ልትወስዱባት—"

"እኔም ልመልስላት ነበር" አለች ኤፊ ንፍጧን በነጠላዋ እየጠረገች። "የፀጉር ቤቴን ወንበር መግዣ ነው ይዤ የመጣሁት። ጋሼ ሊገዙት ነው ብዬ በንዴት እኮ ነው የጨመርኩት።"

ሱፍያን ጭንቅላቱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። "እና እኛ እርስ በርሳችን ነው እንዴ ስንጨምር የነበረው? ከአሥራ አምስት ሺህ ተነስተን?"

ማንም ለማንም አልነገረም፤ ወለተሰንበት እንዳትሰማ፣ መዋጮ ነው እንዳትልና ከሰፈር እንዳትወጣ። አራታችንም በየፊናችን ተደብቀን መጥተን አራታችንም ተገናኘን። መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ናቸው። ባርኔጣቸው ወደቀ። ከዚያ ኤፊ፣ ከዚያ ሁላችን። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ስቄ አላውቅም፤ ግድግዳውን ተደግፌ፣ ማዳበሪያዬን ሆዴ ላይ አቅፌ። ዘበኛው መጥቶ "እዚህ ሰው ይከራከራል፣ ውጭ ሳቁ" ብሎ አስወጣን።

በሱፍቃድ ተከትሎን ወጣ፤ ሁሉንም ሰምቷል። "እኔ ዋስ የጠየቅኩት ከአንድ ሰው ነበር" አለ። "ለካ ሰፈር ሙሉ ነው ያበደርኩት።" ፍሪጁ ሳይሸጥ ከቀረ ልውሰደው ብሎ ፒክአፑን ይዞ መጥቶ ነበር። "መኪናዬ ባዶዋን ከምትመለስ" አለና የኋላዋን ከፈተው። ያቺ ትሁት ልጅም ወጥታ ነገረችን፤ ከስልሳ አንዱ ሺህ የበሱፍቃድ ዕዳና ወጪው ይነሳና የተረፈው ለባለዕዳዋ ይመለሳል። "ለማን?" አልኳት። "ለወይዘሮ ወለተሰንበት።" ፍሪጁም ወደ እሷ፣ ብሩም ወደ እሷ። ኤፊ እልልታዋን እዚያው የፍርድ ቤቱ በር ላይ አቀለጠችው፤ ሙሽራ የመጣ መስሏቸው ሰዎች ዞረው አዩ።

ጠመንጃ ያዥ ስንደርስ ግንቦት ልደታ ደምቋል። መንገዱ ላይ ጉልቻ ተጎልቷል፣ ንፍሮው ይፈላል፣ ሰዉ ድንጋይና በርጩማ ላይ ተቀምጧል። በዚህ ቀን እኛ ሰፈር ክርስቲያን እስላም አይባልም፤ ምግቡ ውጭ ይበስላል፣ ውጭ ይበላል፣ የተረፈው ቤት አይገባም። ወለተሰንበት ጭልፋ ይዛ ከድስቱ አጠገብ ቆማለች። ከኋላዋ በሯ ሥር ሻንጣዋ በገመድ ታስሮ ተቀምጧል። ፒክአፑ ቆመ። ጋሽ ፍሪጁን እንደ አማች አቅፈው ከኋላ ቆመዋል። ጭልፋው አየር ላይ ቀረ።

ከነማዳበሪያዬ ወረድኩ። እንግዲህ ከዚያ ከቧንቧው ቀን ጀምሮ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ማዳበሪያዬን መላልሼ አጠፍኩት።

ወለተሰንበት ፍሪጁን አየች፣ ባዶ ማዳበሪያዬን አየች። "በርበሬ ልትገዢ አልነበር የሄድሽው?" አለችኝ።

"ተወደደብኝ፣ ተውኩት" አልኳት።

"ይህስ ስንት ነው?"

ጋሽ ናቸው የነገሯት፤ እንዴት እንደተገናኘን፣ ማን ስንት እንዳለ፣ ሁሉንም። ወለተሰንበት ጭልፋውን ለሰው ሰጠች። "ስልሳ አንድ ሺህ? ለዚህ? በሩ ለማይዘጋ? ኡሙ፣ ጤነኛ ነሽ? እኔን በወረቀት አሞኙኝ፤ አንቺን ማን አሞኘሽ?" ስድቡ ወረደብኝ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ያጠራቀመችው። እኔም አልተኛሁላትም፤ መለስኩ። መንገዱ ሙሉ ሰው ንፍሮውን እየበላ አዳመጠን። ስድቧ እንዴት ናፍቆኝ ኖሯል። ከዚያ አቀፈችኝና ትከሻዬ ላይ አለቀሰች፤ የእኔም ዓይን ጭስ ገባበት እንበል።

የተረፈው ብር ሲመለስልኝ ያንቺ ነው አለች፣ ወላሂ አልነካውም አልኩ፣ ልደታን ትወስጃለሽ አለች፣ ተያያዝን። ጋሽ ወልደአማኑኤል ጣልቃ ገብተው ፈረዱ። "ወለተሰንበት ለራሷ እንዳይዋጣ ነው የማለችው። ለኡሙ ማዋጣት አልተከለከለም" አሉ። ወለተሰንበት የመጀመሪያዋ አዋጪ ሆና፣ በሚመለስላት ልክ ቃል ገባች፤ እነሱ ቀሪውን ተከፋፈሉ። ለወንበር መግዣ የምትቆጥበውን ኤፊን ግን ትንሽ ነው ያስከፈልናት።

"አሁን ወደ ቁም ነገር" አልኩ። "ፍሪጁ በወረቀት የእኔ ነው።"

"አውቃለሁ" አለች።

"ሞተሩ ቤቴን ያናውጥብኛል። አንቺ ዘንድ በአደራ አስቀምጠዋለሁ። ግን እንደ ሕጉ ነው፣ ርክክብ አለ። ፈርሚልኝ።"

ወለተሰንበት ሁለት እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች። "እኔ ሁለተኛ አልፈርምም።"

"እንግዲያው ዋስ ጥሪ" አልኳት። "ይህን ዕቃ ይዘሽ ወሊሶ እንዳትጠፊ ዋስ ጥሪ።"

ዙሪያዋን አየች። ለማንም ዋስ ሆና እንጂ ዋስ ጠርታ አታውቅም፤ ማንንም በስም መጥራት አልቻለችም። ጋሽ ወልደአማኑኤል እንደ ሐራጁ ሰዓት እጃቸውን አወጡ። ኤፊ አወጣች። ሱፍያንና ቤካ። ከዚያ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ሁሉ፣ ንፍሮ የያዘውን እጁን ጭምር። በሱፍቃድ ፒክአፑን ተደግፎ አፉን ሞልቶ ሲያላምጥ ነበር፤ እሱም አወጣ።

ከዚያ በኋላ ወለተሰንበት ወደ በሯ ሄዳ የሻንጣውን ገመድ ፈታች። ከላይ፣ ከልብሷ ሁሉ በላይ፣ አረንጓዴው ጨርቄ ነበር፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ። ወሊሶ ይዛው ልትሄድ። ፒክአፑ ላይ ወጣች፣ ፍሪጁን ከፈተች፣ የላይኛው መደርደሪያ ላይ አነጠፈችው፣ ጠርዙን በእጇ አስተካከለች።

"ሥጋሽን ነገ አምጪ" አለችኝና በሩን በጉልበቷ ገፍታ ዘጋችው።